የዲስክ መቆጣጠሪያ ሬጅስተሮች፦ ተረትና እውነታ

ሬጅስተር የዲስክ መቆጣጠሪያው ከፕሮሰሰሩ ትእዛዝ የሚቀበልበትና ሁኔታውን የሚያሳውቅበት፣ የራሱ አድራሻ ያለው ቦታ ነው። የስርዓተ ክወና ድራይቨር ሥራ የሚጀመረው የእያንዳንዱን ሬጅስተር አድራሻ፣ ስፋትና የቢቶች ትርጉም በመወሰን ነው። ጥሩ ማሳያው እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ኮምፒውተር የወረደው የኤቲኤ መቆጣጠሪያ ነው። የማስተማሪያው ስርዓት ኤክስቪ6 በቀድሞ ዕትሙ ይህንኑ ተጠቅሟል። ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱት እምነቶች የሚከተሉት ናቸው።

ተረት፦ አድራሻዎቹ በሁሉም ማሽን አንድ ናቸው።
እውነታ፦ ከ496 እስከ 503 ያሉት ፖርቶች የመጀመሪያው ቻናል የቆዩ አድራሻዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ቻናል ከ368 እስከ 375 ይጠቀማል። በፒሲአይ በኩል የተገናኘ መቆጣጠሪያ ግን ሌላ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ድራይቨሩ መነሻውን ከመሣሪያው ጠይቆ፣ ሬጅስተሮቹን ከመነሻው ባላቸው ርቀት ይገልጻል።

ተረት፦ ሬጅስተር እንደ ማህደረ ትውስታ የተጻፈበትን መልሶ ያስነብባል።
እውነታ፦ ፖርት 503 ሲጻፍበት የትእዛዝ፣ ሲነበብ የሁኔታ ሬጅስተር ነው። 32 ቢጻፍበት «ሴክተር አንብብ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል፤ መልሶ ሲነበብ ግን የሚገኘው የዲስኩ ሁኔታ ነው። ቢት 7 ዲስኩ ሥራ ላይ መሆኑን፣ ቢት 3 ዳታ ለመቀባበል መዘጋጀቱን፣ ቢት 0 ስህተት መፈጠሩን ያመለክታል። ለአንድ አድራሻ ሁለት ስም መስጠት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ተረት፦ ማንበብ ምንም ነገር አይለውጥም።
እውነታ፦ የሁኔታ ሬጅስተር ሲነበብ በመጠባበቅ ላይ ያለው ኢንተራፕት ይሰረዛል። ስህተት ለመፈለግ ተብሎ የገባች አንዲት ተጨማሪ ንባብ ድራይቨሩ የሚጠብቀውን ምልክት ልታጠፋ ትችላለች። ኢንተራፕቱን ሳይነካ ሁኔታውን ለማየት ፖርት 1014 አለ። የዳታ ሬጅስተሩም በእያንዳንዱ ንባብ ወደ ቀጣዩ ሁለት ባይት ያልፋል፤ የ512 ባይት ሴክተር የሚያልቀው በ256 ንባብ ነው።

ተረት፦ ኮምፓይለሩ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ ይፈጽማል።
እውነታ፦ እንደ ኤኤችሲአይ ያሉ አዳዲስ መቆጣጠሪያዎች ሬጅስተሮቻቸውን በማህደረ ትውስታ አድራሻ ያቀርባሉ። በሲ ቋንቋ «ቮላታይል» ተብለው ካልተገለጹ፣ ኮምፓይለሩ ዋጋው አይለወጥም ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነብ ይችላል፤ ዲስኩን የሚጠብቀው ዑደትም ማብቂያ ያጣል። የቢት ፊልድ አቀማመጥም ለኮምፓይለሩ የተተወ ነው፤ በማስክ መግለጽ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ተረት፦ ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው።
እውነታ፦ በሴክተር ብዛት ሬጅስተር ውስጥ 0 ማለት 256 ሴክተር ነው። የሴክተር አድራሻውም ከአንድ ሬጅስተር በላይ ነው፤ ሦስት ባለ 8 ቢት ሬጅስተሮችና በፖርት 502 ያሉ 4 ቢቶች ተደምረው 28 ቢት ይሆናሉ። ይህ የሚያደርሰው 137 ጊጋባይት አካባቢ ድረስ ብቻ ነው። በኋላ የመጣው የ48 ቢት አሠራር አዲስ ፖርት አልጨመረም፤ በብዛትና በአድራሻ ሬጅስተሮቹ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ መጀመሪያ ከፍተኛው፣ ቀጥሎ ዝቅተኛው ባይት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዳታው የተሳሳተ ሴክተር ላይ ያርፋል።

ተረት፦ የመጻፍ ትእዛዝ ከተጠናቀቀ ዳታው ዲስኩ ላይ ሰፍሯል።
እውነታ፦ ብዙ ዲስኮች ዳታውን መጀመሪያ በራሳቸው ጊዜያዊ ማህደር ይዘው «ጨርሻለሁ» ይላሉ። በዚያ ቅጽበት ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ተጽፏል የተባለው ዳታ አይገኝም። ስለዚህ ዳታው መስፈሩ መረጋገጥ ባለበት ቦታ ሁሉ ድራይቨሩ ትእዛዝ 231ን ልኮ ማህደሩ ወደ ዲስኩ እንዲራገፍ ያደርጋል፤ ቢት 7 ወደ 0 እስኪመለስ ጠብቆ፣ በቢት 0 ስህተት አለመኖሩን ካየ በኋላ ብቻ ሥራው መጠናቀቁን ለስርዓተ ክወናው ያሳውቃል።