እንዴት ይሠራል? አምስት ሳንቲ ሜትር ዘማች ታሪክ ሲናገር

በ1/35 ልኬት የተሠራ የወታደር ቅርጽ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ ግራጫ ፕላስቲክ ወይም ሬዚን ነው፤ አገርም ዘመንም የለውም። ከየት እንደመጣ፣ ሌሊቱን የት እንዳደረና ምን እንደደረሰበት የሚናገረው በቀለሙ ነው። እንዴት እንደሆነ በኮሪያ ጦርነት ከተሰለፈው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ አንድ ዘማች ወስደን እንየው።

ታሪኩ ይቅደም

የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ቡሳን ወደብ ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ በጠላት እጅ የገባ ግን አንድም አልነበረም። ዘማቾቹ የቆሰለም ሆነ የወደቀ ጓዳቸውን ትተው አይመለሱም ነበር። እንግዲህ የእኛ ወታደር ጎህ ሲቀድ ከሌሊት ቅኝት የሚመለስ ይሁን። ሁለት ኤም ዋን ጠመንጃ ይዟል፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው የቆሰለው ጓዱ። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ቀለም ሁሉ ይህን ታሪክ ማገልገል አለበት።

ጥላም ይቀባል

በእውነተኛ ካፖርት ላይ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ከሩቅ ይታያል። በቅርጹ ላይ ግን እጥፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ የቤት መብራት ደግሞ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላው ይደበዝዛል። ስለዚህ ጥላውን ሠዓሊው ራሱ ይሠራዋል። መጀመሪያ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ ጥቁር መነሻ ቀለም ይቀባል። ከደረቀ በኋላ ነጭ ቀለም ከላይና ከአንድ ጎን ብቻ ይረጭበታል፤ ይህ ጎን ፀሐይ የምትወጣበት ነው። ነጩ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ጥላ ይሆናል።

በዚህ ላይ የወታደር አረንጓዴው በስሱ ይቀባል። ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይፈስበታል። ፈሳሹ ወደ ጠባብ ስንጥቅ ስለሚሳብ፣ ሲደርቅ ቀለሙ የቡና አተላ ስኒ ሥር እንደሚቀር እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ ብሩሹ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ወረቀት ላይ ሊደርቅ እስኪቃረብ ይጠረግና በቅርጹ ላይ በፍጥነት ይመላለሳል። ያኔ የሚቀባው ጎላ ያለው ጠርዝ ብቻ ነው፦ የኪስ ክዳን፣ የአንገትጌ ጫፍ፣ የጉልበት እጥፋት አናት።

ፊቱ

ጥቁር ቆዳን ለማብራት ነጭ ከተጨመረ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። መነሻው ቀላ ያለ ቡናማ ይሁን፤ ብርሃን በሚያርፍበት ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ቢጫነት ያለው አፈርማ ቀለም ወይም ጥቂት ብርቱካናማ ይጨመርበት። ለጥላው ጥቁር ቡናማ ከትንሽ ሰማያዊ ጋር ይስማማል። ከዓይን በታች ጣል የምትደረግ ስስ ወይን ጠጅ ቀለም እንቅልፍ ያጣ ሌሊትን ታሳያለች።

ጭቃውና ጠመንጃዎቹ

ጭቃ በየቦታው አይለጠፍም። ይህ ሰው በደረቱ እየተሳበ ስለመጣ ጭቃው ክርኑ፣ ጉልበቱና ደረቱ ላይ ይበዛል። እርጥቡ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ የደረቀው ገርጥቶ ዱቄት ይመስላል። ስለዚህ ለእርጥቡ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ለደረቀው የቀለም ዱቄት እንጠቀማለን።

የታሪኩ ዋና ነገር ያለው ጠመንጃዎቹ ላይ ነው። የራሱ ጠመንጃ እንጨቱ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ብረቱ የተወለወለ ይሁን። የጓዱ ግን መሬት ላይ ወድቆ ነበርና በአንድ ጎኑ ብቻ ጭቃ ይያዝ። ያ ጎን ምን እንደደረሰ ስለሚናገር ደም መቀባት አያስፈልግም።

ማሳረጊያው

በመጨረሻ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ይረጫል። ሸካራ ገጹ ብርሃኑን ስለሚበትነው ልብሱ ጨርቅ ይመስላል፤ የሚያብለጨልጭ ገጽ ቢቀር መጫወቻ ያደርገዋል። እርጥቡ ጭቃና ዓይኑ ከዚህ በኋላ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቀቡ።

ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። «ሁለተኛው ጠመንጃ የማን ነው?» ብሎ ከጠየቀ ብሩሹን አስቀምጡና ስለ ቃኘው ንገሩት። ካልጠየቀ ግን ጭቃውንና ብርሃኑን እንደገና ተመልከቱ፤ ወታደሩ የተሸከመው ነገር ገና አልጎላም።