የሊንድስቦርግ ፈረስ የማን ነው?

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የምትገኘው ሊንድስቦርግ ነዋሪዎቿ አራት ሺህ እንኳ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1869 የቆረቆሯት፣ ኦሎፍ ኦልሰን የሚባል ቄስ ይዟቸው ከምዕራብ ስዊድን፣ ከቫርምላንድ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ዛሬ ለጎብኚ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ግን ቀለም የተቀባ የእንጨት ፈረስ ነው፤ የነዋሪውን ስም ይዞ በየበሩ ተሰቅሏል፣ በየጎዳናውም ዳር ገዝፎ ቆሟል። የሚገርመው ፈረሱ ከመሥራቾቹ አውራጃ የመጣ አለመሆኑ ነው። የሌላ የስዊድን አውራጃ፣ የዳላርና ሰዎች ሥራ ነው፤ የመላው ስዊድን መለያ የሆነውም በ1939 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ከታየ ወዲህ፣ ከተማዋ 70 ዓመት ከሞላት በኋላ ነው።

ታዲያ ለቱሪስት ሲባል የተበጀ ባህል ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በከፊል እውነት አለው፤ ፈረሱ ይሸጣል። ነገር ግን ዳላርናም ውስጥ ቢሆን ገበያ የማያውቅ ፈረስ አልነበረም። በረጅሙ የክረምት ምሽት ከጥራጊ እንጨት እየቀረጹ በቤት ዕቃ ይለውጡት ነበር። ኮርቻው ላይ የሚሣለው አበባም በመጽሐፍ ቅዱስ ለነቢዩ ዮናስ ራስ ጥላ ከሆነችው ቅል የመጣ ነው። ቀቢው በአንድ ብሩሽ ሁለት ቀለም ነክሮ በአንድ ስበት ያወጣዋል፤ እጅ ካልለመደ ቀለሞቹ ይደበላለቃሉ። እንግዲህ አንድ ዕደ ጥበብ ሕያው መሆኑን የሚነግረን የዘር ሐረጉ ሳይሆን ይህን ስበት የሚማር እጅ መኖሩ ነው፣ በተለይም የአገሬው ሰው ራሱ የሚጠቀምበት መሆኑ። ሊንድስቦርግ ውስጥ ከጣውላ ተቆርጦ ስም የሚጻፍበት የበር ፈረስ ለዚህ ይበቃል፤ ጎብኚ ይገዛዋል፣ ነዋሪውም በሩ ላይ ይሰቅለዋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ከነዋሪዎቹ ስዊድንኛ የሚናገር ስንቱ ነው? ጥቂት ነው። ይሁንና ከ1882 ጀምሮ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን የሚዘምሩት የሄንደልን «መሲሕ» ነው፤ ሄንደል ደግሞ ጀርመን ተወልዶ ለንደን የኖረ እንጂ ስዊድናዊ አልነበረም። የስዊድንን ባህላዊ ጭፈራ የሚያቀርቡትም የከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከተማዋ መጀመሪያም ቢሆን የያዘችው የወረሰችውን ብቻ አልነበረም፤ የወደደችውንም ደጋግማ ስለሠራችው የራሷ ሆኗል።

ለጎብኚ የሚሻለው የትኛው ጊዜ ነው ከተባለ፣ ብዙዎች የሚመርጡት በጎዶሎ ዓመታት በጥቅምት የሚከበረውን፣ በ1941 የተጀመረውን ትልቁን የስዊድን በዓል ነው። በእኔ ግምት ተራ የሥራ ቀን ይበልጣል፤ ያኔ ሰልፉና ግርግሩ ስለሌለ የቀቢዎቹን እጅ ቆሞ ለማየት ፋታ ይገኛል።