የሮቦት ውድድር ሜዳ በመነጽር ውስጥ፦ አጥቢያዎች ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ

የሰበካ ጉባኤያት ለወጣቶች በጀት ሲይዙ አስቀድሞ የሚታሰበው መጽሐፍ፣ ወንበርና ኮምፒውተር ነው። ልጆቻቸው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሮቦት ቡድን አባል የሆኑ ወላጆች ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ይኸውም «አጥቢያችን ልጆቹ የሚለማመዱበት የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ይግዛልን» የሚል ነው። ገንዘቡ የምእመናን አስተዋፅኦ በመሆኑ መልሱ በችኮላ ሊሰጥ አይገባም። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና እንዴት እንደሚመረጥ እናብራራለን።

በአሜሪካ ስመ ጥር ከሆኑት የተማሪዎች የሮቦት ውድድሮች አንዱን የሚያዘጋጀው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው ፈርስት የተባለው ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሻየር ተካሄደ። በየዓመቱ በጥር ወር አዲስ ጨዋታ ይገለጻል፤ ተማሪዎችም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሮቦታቸውን ሠርተው ለግጥሚያ ይቀርባሉ። የትልልቆቹ ሮቦቶች ሜዳ ርዝመቱ 16.5 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር ያህል ነው። በአንድ ግጥሚያ ሦስት ቡድኖች በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላው ወገን ይሰለፋሉ። እስከ 2025 በነበሩት ዓመታት ለረጅም ጊዜ በተሠራበት ደንብ ሮቦቱ በመጀመሪያዎቹ 15 ሴኮንዶች ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል፤ በቀሪዎቹ 2 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ደግሞ ተማሪዎች ይነዱታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ነጂው ሮቦቱን የሚያየው ከሜዳው ጫፍ፣ ከግልጽ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ ነው። ሮቦቱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲሄድ ርቀቱን መገመት ያዳግታል፤ በሜዳው ላይ የሚተከሉት ምሰሶዎችና መዋቅሮችም ዕይታን ይከልላሉ። እንዲህ ያለውን ሜዳ በሙሉ መጠኑ መሥራት ሰፊ አዳራሽና ከፍተኛ ወጪ ስለሚጠይቅ ለብዙ ቡድኖች የማይታሰብ ነው። ሲሙሌሽን የሚባለው አስመስሎ መለማመጃ ይህን ክፍተት ይሞላል። በኮምፒውተር ስክሪን ሲታይ ሜዳው እንደ ሥዕል ትንሽ ሆኖ ይቀርባል። በመነጽሩ ሲታይ ግን ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል ስለሚሰጥ ነጂው በእውነተኛው ቦታው የቆመ ያህል ሜዳውን በትክክለኛ መጠኑና ርቀቱ ያየዋል። ዋነኛው ጥቅሙ ይህ ነው።

ሆኖም መነጽሩ ሁሉን አያስተምርም። የባትሪ መድከምን፣ የሽቦ መላቀቅን፣ የጎማን ከምንጣፍ ላይ መንሸራተት የሚያስተምረው እውነተኛው ሮቦት ብቻ ነው። ደግሞም ለአነስተኛ ሮቦቶች የተዘጋጀው ሌላው የፈርስት ውድድር ሜዳ በየጎኑ 3.66 ሜትር ብቻ ስለሆነና ነጂዎቹም ከዳር ስለሚቆሙ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን የሜዳውን ቁራጭ በእንጨት ሠርቶ መለማመድ ከመነጽር የተሻለ ነው።

ስለ ምርጫው ስንመጣ፣ መነጽሮቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ያለ ኮምፒውተር በራሱ ባትሪ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው፣ ለምሳሌ ቫልቭ ኢንዴክስ፣ ኃይለኛ የምስል ካርድ ካለው ኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚያያዝና በክፍሉ ማዕዘናት ተጨማሪ መሣሪያ የሚተከልለት ነው። ለጋራ አዳራሽ የሚመቸው የመጀመሪያው ነው፤ በቀላሉ ይነሣል፣ ይቆለፍበታልም። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ለኮምፒውተር የተሠራ ሲሙሌሽን ብቻውን በሚሠራ መነጽር ላይ እንዲሁ አይከፈትም፤ በገመድ ወይም በዋይፋይ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፕሮግራሙ፣ ከዚያ በኋላ መነጽሩ ይመረጥ።

ለአብነት ሁለት የሜታ ምርቶችን እናነጻጽር። ኩዌስት 3 እ.ኤ.አ. በ2023 በ499 ዶላር፣ ኩዌስት 3ኤስ በ2024 በ299 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ ቀረቡ። የሁለቱም ክብደት ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። ልዩነታቸው በምስል ጥራት ላይ ነው፤ የመጀመሪያው በአንድ የዕይታ ዲግሪ 25፣ ሁለተኛው 20 ያህል ነጥቦችን ያሳያል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዕቃ በ16 ሜትር ርቀት ሲታይ በአንደኛው 18፣ በሌላው 14 ነጥብ ያህል ይይዛል ማለት ነው። በውዱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለጀማሪ ልምምድ ግን ርካሹ ይበቃል። በሌላ በኩል፣ በኩዌስት 3 የሁለቱ ሌንሶች ርቀት በመዘውር በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላል፤ በ3ኤስ ግን ያሉት ሦስት ደረጃዎች ብቻ ናቸው። መሣሪያውን ብዙ ልጆች የሚጋሩት ከሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ማዞርም ሊታሰብበት ይገባል። ዓይን እንቅስቃሴ እያየ የውስጥ ጆሮ ሳይሰማው ሲቀር ራስ ይዞራል። ስለሆነም ልጆቹ ዕይታውን ከሮቦቱ ላይ ሳይሆን ከነጂው ቋሚ ቦታ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ለሥልጠናም የሚጠቅመው ይኸው ነው። ልምምዱም በአጭር በአጭር ይሁን፤ የማቅለሽለሽ ስሜት የተሰማው ልጅ ወዲያው ያውልቅ።

የአጠቃቀም ሥርዓትም ከግዢው በፊት ይወሰን። ሜታ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መሣሪያውን አይፈቅድም፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ያሉት በወላጅ በሚተዳደር አካውንት ይጠቀማሉ። ፊት የሚነካው ክፍል በየተጠቃሚው ይጠረግ፤ ዓይኑን የታመመ ልጅ እስኪድን አይጠቀም። ሌንሱ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይወልወል፤ የፀሐይ ብርሃን በሌንሱ አልፎ ስክሪኑን ስለሚያቃጥል በመስኮት አጠገብ አይቀመጥ። ቢያንስ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታም ይዘጋጅ።

ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ምክር እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ልጆቹ ያለ ክፍያ በሚገኝ ሲሙሌሽን፣ ለምሳሌ አውቶዴስክ ባዘጋጀው ሲንተሲስ፣ ባላቸው ኮምፒውተር ለአንድ ወር ይለማመዱ። ከወሩ በኋላ በትጋት የሚገኙት ስንት እንደሆኑ ይታይ። ቀጥሎ የአንድ ቡድን መነጽር በውሰት ተገኝቶ ይሞከር። ግዢው የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ይሁን፤ ሲወሰንም ንብረቱ በመዝገብ ይግባ፣ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ አዋቂ ይመደብለት። በዚህ መንገድ የተገዛ አንድ መነጽር በቁም ሣጥን ከሚቀመጡ አምስት መነጽሮች ይልቅ ልጆችን ይጠቅማል።