የታመቀ ፕሮግራም በጠባብ ስፍራ እንዴት እንደሚፈታ

በሽንፋና በመተማ ቆላ የሚበቅለው ጥጥ ታምቆ ሲታሰር ጥቂት ስፍራ ይበቃዋል፤ ሲፈታ ግን ቤቱን ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒዩተርም ይህን የመሰለ ችግር ነበረበት። የማኅደረ ትውስታው ስፋት 65,536 ባይት ብቻ ስለ ነበር፥ ፕሮግራሙ ትልቅ ሲሆን የታመቀው፥ የተፈታውና ፈቺው ትእዛዝ በአንድነት አይገቡበትም። ስለዚህ ባለሙያዎች የታመቀውን በስፍራው መጨረሻ አኑረው፥ የሚፈታውን ከመጀመሪያው ያስጽፋሉ፤ ተነብቦ ያለቀው ስፍራም ለአዲሱ ጽሕፈት ይውላል። ፈቺው የሚደጋገመውን ቀድሞ ከተፈታው ላይ ይገለብጣልና ሌላ መዝገብ አያሻውም። ነገር ግን ጽሕፈቱ ንባቡን ከቀደመ ገና ያልተነበበው ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ባይት ትርፍ ይተዋል። እንግዲህ ቁጠባ ማለት ማመቅ ብቻ ሳይሆን፥ የመፍቻውንም ስፍራ አስቀድሞ ማሰብ ነው።