ጋፋት ተሠርቶ መቅደላ የቀረው ሴባስቶፖል

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበረች። ከፋብሪካው ሥራዎች ትልቁ ሴባስቶፖል ነው፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ የአፉ ስፋት ግማሽ ሜትር የሚያህል የነሐስ መድፍ። ስሙ የመጣው በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ከበባ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከመከተው የሩስያ ምሽግ ነው።

ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ለወንጌል የመጡ ነበሩ። ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፊል ቫልድማየርና ጓደኞቹ በባዝል አጠገብ ከሚገኘው የክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ ሲሆኑ፣ መድፍ ማቅለጥን የተማሩት እዚሁ እየሠሩ ነው። ሥራው ምሕረት የለውም። ነሐስ ለመቅለጥ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ከቀለጠም በኋላ ሳይቋረጥ ወደ ቅርጹ መፍሰስ አለበት። የቅርጹ ሸክላ በደንብ ካልደረቀ፣ በውስጡ የቀረው እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሁሉንም ያበላሻል። በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ያህል ነሐስ በአንድ ላይ አቅልጦ ማውጣት ምን ያህል ልፋት እንደጠየቀ ማሰብ አያዳግትም።

ሴባስቶፖልን ለማወቅ ግን ጉዞውን ማየት ይበልጣል። በ1860 ዓ.ም መስከረም ማብቂያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በሠረገላ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጎትቱታል። ይህን የሚያህል ጭነት የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ መንገዱ አብሮ ይሠራል። ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዋድላና በደላንታ አድርገው፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል፤ ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ያን መንገድ ንጉሡን ሊወጋ የመጣው፣ በጀኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦርም ተጠቀመበት፤ አይተው የጻፉትም አድንቀውታል። እኔም የሴባስቶፖል ትልቁ አገልግሎት ይህ መንገድ ነው እላለሁ።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አጠገብ ከናፒየር ጦር ጋር የእሮጌ ጦርነት ተደረገ። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት ሁለት ናቸው። በዚያን ዕለት ሴባስቶፖል ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ ሲባል እሰማለሁ፤ ስሙን ማጥፋት ነው። የፈነዳው ሌላ መድፍ ሲሆን፣ ሴባስቶፖል ዛሬም ሙሉ አካሉን ይዞ መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና በሚገኘው የቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው።

የሚያንገበግበኝ የሙያው ነገር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ፤ ከመድፉ ጋር መቅደላ የወጡት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ። ሰባት ቶን ነሐስ ማቅለጥ የቻለው የጋፋት ፋብሪካም በዚያው ተበተነ።