ስኳር ድንችን ምን ያህል አራርቀን እንትከል?

ስኳር ድንች በወላይታ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በሐረርጌ ለብዙ ቤተሰብ የክፉ ቀን ደራሽ ነው። ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ በቆሎውም ገና እሸት ሳይሆን፣ ልጆቻችን ስኳር ድንች በልተው ያድራሉ። ስለዚህ ከአንድ ጥማድ መሬት የምናገኘው ምርት ቢያንስ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ብዙዎቻችን «ሐረግ ያበዛ ምርት ያበዛል» እንላለን። እንዲህ ብለንም አጠጋግተን እንተክላለን። ማሳው ቶሎ አረንጓዴ ይለብሳል። መንገደኛው ሁሉ «ዘንድሮስ ቀንቷችኋል!» ይለናል። እኛም ደስ ይለናል። ቁፋሮው ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚወጣው ጣት የሚያህል ቀጭን ሥር ይሆናል። ለገበያ አይሆን፤ ለመላጥ አይመች።

ለምን እንዲህ ሆነ? በገበታ እንመስለው። አንድ እንጀራ ለሁለት ሰው ቢቀርብ ሁለቱም ይበላሉ። ለአሥር ሰው ቢቀርብ ግን ማንም አይጠግብ። መሬትም እንደዚሁ ነው። በአንድ ቦታ ያለው ውሃና የአፈር ምግብ የተወሰነ ነው። ተክሉ ሲበዛ ይሻማል። ቅጠሉም ይደራረብና ፀሐይ ይከላከላል። ቅጠል ምግብ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነው። የተረፈውን ወደ ሥሩ አውርዶ ያከማቻል። የሚተርፍ ከሌለ ሥሩ በምን ይወፍራል?

«እንግዲያው በጣም እናራርቀው» የሚል ይኖራል። ይህም ጉዳት አለው። የተራራቀ ተክል ትልልቅ ስኳር ድንች ይሰጣል። ሆኖም ተክሉ ጥቂት ስለሆነ ድምሩ ያንሳል። ባዶውን መሬት አረም ይወርሰዋል። በጣም የወፈረው ሥርም አፈሩን ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ጉንዳን የሚመስል ትንሽ ነቀዝ ገብቶ ይበሳዋል። የተበሳው ስኳር ድንች ይመራል፤ ለምግብ አይሆንም። ስንጥቅ ባየን ጊዜ ቶሎ አፈር ማስታቀፍ አለብን።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች የሚመክሩት በመስመርና በመስመር መካከል 60 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ልክ አንድ ሄክታር 55 ሺህ ያህል ተክል ይይዛል። አንድ ጥማድ፣ ማለት የሄክታር ሩብ፣ 14 ሺህ ያህል ይይዛል።

ይህን ለመለካት ሜትር መግዛት አያስፈልግም። ልጆቻችን ለትምህርት የሚይዙት ረጅሙ ማስመሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በእርሱ ልክ አንድ በትር እንቁረጥ። የእርሱን እጥፍ ደግሞ ሌላ በትር እንቁረጥ። አጭሩ ለተክሉ፣ ረጅሙ ለመስመሩ ይሆነናል። የምንተክለውም የሐረግ ቁራጭ በአጭሩ በትር ልክ ይሁን።

ይህንንም በጆሯችን ሰምተን ብቻ አንለፈው፤ በማሳችን እንፈትነው። ወርዱም ርዝመቱም 3 ሜትር የሆነ ሦስት መደብ እናዘጋጅ። በእያንዳንዱ 5 መስመር እናውጣ። በመጀመሪያው መደብ ተክሉን በ15 ሳንቲ ሜትር እናራርቅ፤ 100 ቁራጭ ይፈጃል። በሁለተኛው በ30 እናድርግ፤ 50 ይበቃል። በሦስተኛው በ60 እናድርግ፤ 25 ይበቃል። ሐረጉ አንድ ዓይነት፣ የሚተከልበትም ቀን አንድ ይሁን። አረሙንም እኩል እንንቀል።

ስንቆፍር ለገበታና ለገበያ የሚሆነውን ለብቻ፣ ቀጭኑንና ነቀዝ የበላውን ለብቻ እናድርግ። ከዚያ የየመደቡን መዝነን በደብተራችን እንጻፍ። ፊደልና ቁጥር የተማርነው ለዚህ ጭምር ነው። የትኛው እንደሚሻል ሚዛኑ ራሱ ይነግረናል።

አንድ ነገር ግን ካሁኑ እናውቃለን። ከበጋ በኋላ ሐረግ ይጠፋል። 50 በሚበቃበት ቦታ 100 የተከለ ሰው፣ ሐረግ ላጣ ጎረቤቱ ሊሰጠው የሚችለውን 50 ቁራጭ ከመሬት ቀበረ ማለት ነው።

ጥያቄዎች
1. ተጠጋግቶ የተተከለ ስኳር ድንች ሥሩ ለምን ይቀጥናል?
2. አፈሩ ሲሰነጠቅ ምን ይገባበታል? ምንስ ማድረግ አለብን?
3. በእናንተ ማሳ በተክልና በተክል መካከል ስንት ሳንቲ ሜትር አለ? ለክታችሁ ጻፉ።