ያውቁ ኖሯል? ከራጅ የሚሸሸግ የጥርስ ሥር ስንጥቅ

ነርቩ ወጥቶ ሥሩ የተሞላ ጥርስ፣ ሕክምናው ካለቀ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሥሩ ከላይ ወደ ታች ሊሰነጠቅ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሰው «ነርቭ ስለሌለው ደርቆ ነው» ይላል። ዋናው ምክንያት ግን የጥርሱ አካል መሳሳት ነው፦ መጀመሪያ መቦርቦሩ በላው፣ ቀጥሎ ሐኪሙ ነርቩ ጋ ለመድረስ ፈለፈለው፣ አንዳንዴም ማጠናከሪያ ብረት ተተከለበት። የታከመ መንጋጋ ሳይዘገይ የጥርስ ሽፋን (ክራውን) ይልበስ የሚባለው ለዚህ ነው።

የሥር መሙያው ጉታ ፔርቻ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ሙጫ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ ይሸፈንበት ነበር።

ራጅ ስንጥቁን የሚያሳየው ጨረሩ ከስንጥቁ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍ ነው። ጥቂት ዲግሪ ከተዛነፈ መስመሩ ይሰወራል። መሙያውም ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ ይጋርደዋል። እናም አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ ራጅ ተነሥተው «ምንም የለም» ቢባሉ፣ ሲያኝኩ ግን ሕመሙ ካልተወዎት፣ የራጁ ቱቦ ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ሁለተኛ ፎቶ እንዲነሣልዎ ይጠይቁ። ከቼንቻ ደጋ ወርዶ የመጣ ታካሚ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ይህን ቢያውቅ ብዙ ድካምና ገንዘብ ይተርፍለታል።

ስንጥቁ ባይታይም ምልክት ይተዋል። ራጅ ላይ ከሥሩ ጫፍ ተነሥቶ በጎኑ ሽቅብ የሚወጣ ጥቁር ጥላ አንዱ ነው። ሌላው በቀጭን መለኪያ ይገኛል፦ ዙሪያውን ከ3 ሚሊ ሜትር የማያልፈው የድድ ኪስ አንዲት ቦታ ላይ በድንገት ይጠልቃል። ድዱ ላይ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ሐኪሙ ቀጭን ጉታ ፔርቻ አስገብቶበት ራጅ ያነሣል፤ መግሉ ከየት እንደሚመነጭ ፎቶው ይናገራል። ከውድ መሣሪያ ይልቅ የሐኪም ጥንቃቄ የሚፈልገውን ይህን ምርመራ አጥብቄ አደንቃለሁ።

የመጀመሪያው የጥርስ ራጅ የተነሣው ሮንትገን ጨረሩን ባገኘ በሳምንታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 መጀመሪያ ነው። ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ የራሱን ጥርስ ለማንሣት 25 ደቂቃ ጨረር ውስጥ ቆየ። የዛሬው አንድ የዲጂታል ጥርስ ራጅ ጨረር ከአንድ ቀን የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይቀራረባል።

ራጅ ለጦር ቁስለኞች የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ከዓድዋ ጋር የተያያዘ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ድሉ ሦስት ወር ሳይሞላው ጣሊያናዊው ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ራጅ አነሣ፤ ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት።

ስንጥቅ በሲቲ ስካን ከተፈለገባቸው አንዷ ሉሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ አጥንቷ በ10 ቀን ከ35,000 በላይ ምስል ተነሣ። በ2016 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ስብራቶቿን አይተው ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ። አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰን ግን አልተቀበለውም።

በሲቲ የታየን ስንጥቅ በትክክል መተርጎም የጥርስ ሐኪሞችም ፈተና ነው። ኮን ቢም የተባለው የጥርስ ሲቲ ሥሩን በሦስት አቅጣጫ ያሳያል፤ ሆኖም መሙያውና ብረቱ የሚረጩት ጭረት ስንጥቅ ሊመስል ይችላል፣ ከ0.1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ እውነተኛ ስንጥቅ ደግሞ ሊያመልጠው ይችላል። የአሜሪካ የሥር ሕክምናና የአፍ ራዲዮሎጂ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የጋራ አቋም፣ ምርመራውና ተራው ራጅ ሳይለዩት ሲቀሩ ብቻ ቢታሰብ ይሻላል ብለዋል።

ቻይና ውስጥ ጭራሽ ያልታከመ መንጋጋ ሥሩ ተሰንጥቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ጠንካራ ነገር ማኘክ ነው። የታከመ መንጋጋ ካለዎት፣ ቆሎውን በሌላው ጎን ይቆርጥሙ። ጠርሙስ በጥርስ መክፈትማ ፈጽሞ አይሞከር።

አንድ ሥር ብቻ ያለው ጥርስ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ አብዛኛውን ጊዜ ይነቀላል። ሁለት ሥር ያለው የታች መንጋጋ ግን የተሰነጠቀው ሥር ብቻ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ግማሹ ማኘኩን ሊቀጥል ይችላል።